የመዝጊያው ሰዓት በማን እጅ ነው?

ስለ ቤተሰብና ስለ መስኮት ሰዓት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለተመልካቹ ያቀረበው አንድ ጣቢያና በምሽት የተወሰኑ ሰዓቶችን ብቻ ነበር። የዕለቱ ዝግጅት ሲያበቃ ማሰራጫው ይዘጋል፤ መስኮቱም ባዶ ይሆናል። አባባ ተስፋዬ ተረታቸውን ጨርሰው ሲሰናበቱ ሕፃናቱ ተነሥተው ወደ ጨዋታቸው ይመለሱ ነበር። መነሣታቸው ከጨዋነታቸው ወይም ከአባት ቍጣ የመጣ አልነበረም፤ ለእነርሱ የተዘጋጀው ነገር ስላለቀ ነው። ያንን ማብቂያ እንደ ጸጋ የቈጠረው ሰው ግን በዘመኑ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ሌሎች አገሮች ይህንኑ ሆን ብለው አድርገውታል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. እስከ 1957 መጀመሪያ ድረስ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቈጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት፣ የቴሌቪዥን ስርጭት ይቋረጥ ነበር፤ ዓላማውም ወላጆች ሕፃናቱን በሰላም እንዲያስተኙ ነው። በአይስላንድ ብሔራዊው ጣቢያ እ.ኤ.አ. እስከ 1983 ድረስ በሐምሌ ወር፣ እስከ 1987 ድረስ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ስርጭት አልነበረውም። የብሪታንያው ልማድ የቀረበት ምክንያት ሊታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1955 በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር ጣቢያ ተቋቁሞ ስለ ነበር፣ ዝም የሚባልባት እያንዳንዷ ሰዓት ለዚያ ጣቢያ ኪሳራ ሆነች። ሕፃናቱ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አላስፈልጋቸው ብሎ አይደለም።

መሐንዲስ እነዚህን ምሳሌዎች ሲመለከት አስቀድሞ የሚጠይቀው ገደቡ የተተከለበትን ቦታ ነው። ገደቡ የነበረው ከምንጩ ላይ ነው። በየጣሪያው የተተከለው ዲሽ ቀንና ሌሊት የማይዘጉ ጣቢያዎችን ሲያመጣ፣ የመዝጋቱ ሥልጣን ከማሰራጫው ወደ ሳሎን ወረደ፤ በሳሎኑ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ስለ ነበረ ቢያንስ ባለቤት አላጣም። ዛሬ ስክሪን የሚባለው ነገር በየሰዉ መዳፍ ላይ ሲገባ ግን ሥልጣኑ ወርዶ ወርዶ የአራት ዓመት ሕፃን እጅ ላይ ደረሰ።

ይህም ብቻ አይደለም። አዛ ራስኪን የተባለው አሜሪካዊ የንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ታች በተሳበ ቍጥር ሌላ የሚተካበትን ማለቂያ የሌለው ገጽ ቀየሰ። ከዚያ በፊት አንባቢው ከገጹ ግርጌ ሲደርስ ወደሚቀጥለው ለማለፍ መጫን ነበረበት፤ በዚያች ቅጽበትም «ይብቃኝ» ለማለት ፋታ ያገኝ ነበር። ራስኪን ራሱ ቆይቶ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ቀጥሎም አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ራሱ የሚጀምርበት አሠራር መጣ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተጠቃሚዎቹ ይህ አሠራር ከመነሻው ተዘግቶ እንዲቀርብ ማድረጉ፣ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚዘጋ ድርጅቱ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ያሳያል።

በየቤቱ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የውሃ ሮቶ ሲሞላ፣ ውሃው ራሱ ተንሳፋፊውን አንሥቶ መግቢያውን ይዘጋል። ተንሳፋፊውን ነቅሎ ውሃው በፈሰሰ ጊዜ ሮቶውን የሚወቅስ የቧንቧ ሠራተኛ የለም። ሕፃኑን «ራስህን ግዛ» ብሎ መቈጣት ግን ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስንት ሰዓት ይፈቀድ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን መስኮት ፈጽሞ እንዳይቀርብለት፣ ለአንድ ዓመት ሕፃንም እንደማይመከር፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥና ቢያንስም እንደሚሻል አስታውቋል። የቍጥሩ ምንጭ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። መመሪያው የሚነሣው ከ24 ሰዓት ሒሳብ ነው፦ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት፣ በጠቅላላው ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ ያስፈልገዋል፤ ምግቡ፣ ተረቱ፣ ጨዋታው ሲጨመርበት ለመስኮት የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ ጥያቄው መስኮቱ ከየትኛው ላይ ወሰደ የሚል ይሆናል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ከአምስት ዓመት በላይ ላሉት ልጆች አንድ ወጥ የሰዓት ቍጥር መወሰኑን ትቶ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ መክሯል። ከ18 ወር በታች ላሉት ሕፃናት መስኮት እንዳይቀርብ ሲያሳስብም አንድ ነገር ለይቶ ፈቅዷል፤ እርሱም ፊት ለፊት እየተያዩ በቪዲዮ መነጋገር ነው።

ይህ ልዩ ፈቃድ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ከማንም ይበልጥ ትርጕም አለው። እናቱ ሪያድ ወይም ቤሩት ለሥራ የሄደችበት፣ አያቱ ጋር የሚያድግ ሕፃን የእናቱን ፊት የሚያየው በዚሁ መስኮት ነው። ደቂቃ የሚቈጥሩት የስልክ መሣሪያዎች፣ የጉግል ፋሚሊ ሊንክም ሆነ የአፕል ስክሪን ታይም፣ ጠቃሚ መሆናቸው አያጠያይቅም። ሆኖም የቀኑን ድምር ብቻ አይቶ የሚፈርድ ቤተሰብ የእናትን ድምፅና የአሻንጕሊት ማስታወቂያን በአንድ መዝገብ ይጽፋል። የሕፃኑ ሰዓት ሞልቷል ተብሎ የእናቱ ጥሪ ቢዘጋ፣ ደንቡ ተጠበቀ እንጂ ልጁ አልተጠበቀም።

ወደ ማእድ እንምጣ ቢባል ነገሩ ይከብዳል። ሕፃኑ አልበላ ሲል ስልክ ከፊቱ ይደረግለትና አፉን ይከፍታል። የሚቀምሰውን ሳያይ፣ መጥገቡንም ሳያውቅ ይጨርሳል። ይህን የሚያደርጉትን እናቶችና የቤት ሠራተኞች መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን የለበትም። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ግቢ በሌለበት፣ የጎረቤት ልጅ እንደ ልብ በማይገባበት ቤት፣ ምድጃው ላይ ወጥ ጥዳ ልጅም የምትጠብቅ ሴት ስልኩን የያዘችው እንደ ሦስተኛ እጅ ነው። ስልኩ ሸክም ተሸክሟል። ምሰሶ ከመንቀሉ በፊት ሸክሙን የሚቀበል ድጋፍ ማቆም የሙያው ሀሁ ነው፤ አባት ማታ ገብቶ «ከነገ ጀምሮ ስልክ የለም» ብሎ ሲያውጅ ግን ድጋፉ ማን እንደሚሆን አይናገርም። በአብዛኛው ድጋፉ መሆን የሚገባው እርሱ ራሱ ነው፤ ማታ ማታ ልጁን የሚያበላው እርሱ ቢሆን ስልኩ ከማእድ ለመነሣት ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

የቀረው ቀላል ነው። ስልኮች ሁሉ ሌሊት ሳሎን ውስጥ በአንድ ቦታ ይሰኩ፤ መኝታ ቤት አይግቡ። ለሕፃኑ የሚታይለት ነገር አስቀድሞ ተመርጦ ስልኩ ላይ ይጫንና ኢንተርኔቱ ይዘጋ፤ ሦስት ተረት የተጫነበት ስልክ ሦስቱ ሲያልቁ ራሱ ያበቃል፤ «አሥር ደቂቃ ብቻ» የሚለው ክርክርም አይነሣም። መብራት ሲጠፋ ቤተሰብ ይጨዋወታል የሚባለውም እውነትነት አለው፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ለመከላከያ እንዲያቀርቡት ግን አይመከርም።

አንዳንድ መንግሥታት ገደቡን ወደ ምንጩ ለመመለስ ጀምረዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የኢንተርኔት ጨዋታ የሚጫወቱበትን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን በአንድ አንድ ሰዓት ወሰነች፤ አውስትራሊያም ከ16 ዓመት በታች ያሉት በማኅበራዊ መገናኛዎች መለያ እንዳይኖራቸው ያወጣችው ሕግ ከታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። አቅጣጫው ትክክል ነው። በእናቱ ስልክ የሚያይ የሦስት ዓመት ሕፃን ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ሕግ አይደርስም፤ መለያው የእናቱ ነውና።

በመጨረሻ የሚነሣው የመሐንዲሱ የራሱ ስልክ ነው። የግንባታ ቦታው ወይም የማከፋፈያ ጣቢያው ወሬ በቴሌግራም እስከ እኩለ ሌሊት ይመጣል፤ አባትም በማእድ ላይ አንገቱን ደፍቶ ያነባል። ልጁ «ሥራ ነው» የሚለውን ቃል ይሰማል፤ የሚያየው ግን መስኮት ነው። ከሚመጣው መልእክት አብዛኛው እስከ ነጋ ቢቈይ የሚፈርስ ነገር የለውም። በእርግጥ አስቸኳይ የሆነው በድምፅ ጥሪ ይምጣ፣ ሌላው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ለነገ ይደር የሚል ደንብ ለማውጣት አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ የአንድ ክፍል ኃላፊ ማስታወቂያ ይበቃል። ከዚህ ጉባኤ ላይ ክፍል የሚመሩ ብዙዎች ተቀምጠዋል።