ከአመዳይ በታች ያሉ ሥሮች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የሳይንስ ክበብ አባላት ያሰሙት ንግግር)



ባለፈው ሐምሌ በአጥሩ ዙሪያ ችግኝ የተከልነው እኛ ነን። ብዙዎቹ መድረቃቸውን በበሩ ስትገቡ ሳታዩ አልቀራችሁም። ጥፋቱን አንዳንዶቻችን በውሃ ማነስ፣ አንዳንዶቻችንም በጎረቤት ፍየል ስናሳብብ ቆየን። የባዮሎጂ መምህራችን ግን አንዱን ነቅለን እንድናመጣላቸው አዘዙን። ሥሩን አገላብጠው አዩና፣ «ፀጉሩስ የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁን። ለካስ ሸክሙ እንዲቀልልን ብለን አፈሩን ስናራግፍ፣ ቀጫጭኖቹን ሥሮች ሁሉ አብረን አራግፈናቸው ኖሯል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥር ማንበብ ጀመርን። ብዙ ጥናት ያገኘነው አመዳይ ስለሚጥልባቸው የሰሜን አገሮች ደኖች ስለ ሆነ፣ ንግግራችን ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ ይወስዳችኋል።

ወፍራሞቹ ሥሮች ዛፉን አቁመው ይይዛሉ፤ ብዙውን ጊዜም ከዛፉ ጋር አብረው ይኖራሉ። ውሃውንና ማዕድኑን በብዛት የሚስቡት ግን ከ2 ሚሊሜትር የቀጠኑት ናቸው። እነዚህም በጫፋቸው እንደ ቆብ ያለ መከላከያ ደፍተው፣ ከቆቡ በስተኋላ አዳዲስ ሴሎችን እያወጡ አፈሩን ሰርስረው ይሄዳሉ። እንደ ጥድና በርች ያሉት የሰሜን ዛፎች ደግሞ የሥራቸው ጫፍ በፈንገስ ክር የተጠቀለለ ነው። ፈንገሱ ከሩቅ ማዕድን ያመጣል፤ ዛፉም በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ያካፍለዋል። ነገሩ የወንፈል ዓይነት ነው።

እኛን ያስገረመን የቀጫጭኖቹ ዕድሜ ማጠር ነው። ተመራማሪዎች ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ በአፈር ውስጥ ይቀብሩና፣ ትንሽ ካሜራ እየሰደዱ ያንኑ ሥር በየጊዜው ፎቶግራፍ ያነሡታል። በዚህ ዘዴ አንዱ ሥር በጥቂት ወራት ሲሞት፣ ሌላው ከዓመት በላይ ሲቆይ ታይቷል። መሞቱም ለደኑ ኪሳራ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሰሜን ስዊድን በሐይቅ ደሴቶች ላይ ባሉ ደኖች አፈር ውስጥ ከተከማቸው ካርቦን ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የመጣው ከሥሮችና ከሥር ጋር ከሚኖሩ ፈንገሶችና ሌሎች ረቂቅ ሕያዋን ነው። ስለ ደን አፈር ሲነገር ወድቆ የበሰበሰ ቅጠል ብቻ ይታየን ለነበርን ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ክረምቱ እንምጣ። የእነርሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የብርድ ወራት ነው። በረዶ ስንል ለእኛ ትዝ የሚለን ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ የእነርሱ አመዳይ ግን እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ ይወርድና መሬቱን ይሸፍነዋል። ጋቢ የሚያሞቀን በክሩ መካከል አየር ስለሚይዝ እንደ ሆነ፣ አመዳይም እንዲሁ ነው። በላዩ ያለው አየር አጥንት ሰብሮ ሲያልፍ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ሳይረጋ ሊከርም ይችላል።

ይህ ጋቢ ቢገፈፍስ? በአሜሪካ በኒው ሃምፕሺር ግዛት ሀባርድ ብሩክ የሚባል፣ በ1955 ለምርምር የተከለለ ደን አለ። በዚያ ከ1997 ጀምሮ በሁለት ተከታታይ ክረምቶች ተመራማሪዎቹ ከተመረጡ ቦታዎች ላይ በክረምቱ መጀመሪያ አመዳዩን በአካፋ ዛቁት። (አካፋ ይዞ ለሳይንስ መድከም በእኛ ክበብ ብቻ አለመሆኑ አጽናንቶናል።) በተገፈፈው ቦታ አፈሩ ረጋ፤ ከግንዱ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚቀዳለት ሜፕል የተባለው ዛፍ ቀጫጭን ሥሮችም ካልተነካው ቦታ ይልቅ በብዛት ሞቱ። ብርዱ ግን ያን ያህል የከፋ አልነበረም። ስለዚህ ሥሩን የጎዳው ቅዝቃዜው ራሱ ሳይሆን፣ ውሃው ሲረጋ እየሰፋ አፈሩን ማንሣቱና ሥሩን መበጠሱ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሥሩ ሲሞት ደግሞ ይስበው የነበረው ናይትሮጅን፣ ናይትሬት ሆኖ ከውሃው ጋር ወደ ታች ሰረገ።

«ዓለም ስትሞቅ አፈር ይበርዳል» የሚል ስናነብ መጀመሪያ ስቀን ነበር። ኋላ ግን ገባን፤ አመዳዩ ሲሳሳና ዘግይቶ ሲጥል፣ ብርቱው ብርድ የመጣ ሌሊት መሬቱን ራቁቱን ያገኘዋል። ሜፕሉን ከላይ ለሚያየው ሰው በዚያ ሌሊት ምንም አልሆነም።

ዘንድሮ ችግኙን ከነአፈሩ፣ በጆንያ ጠቅልለን ልናጓጉዝ ተስማምተናል፤ ሸክሙ እንደሚከብድ ከአሁኑ እናውቃለን። ከቤተ ሙከራው በስተጀርባም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የባቄላ ሥር ሲያድግ የሚታይበት አዘጋጅተናል። ወላጆቻችን ከሻይ በኋላ መጥታችሁ እንድትመለከቱልን በአክብሮት እንለምናለን። ጥቁሩን ጨርቅ ገልጣችሁ ካያችሁ በኋላ ግን እባካችሁ መልሱት፤ ሥሩ ብርሃን ይሸሻል።