ስለ ክራርና ስለ ሦስቱ የድምፅ መውጫዎች
(በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም በበዓሉ ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በጠረጴዛው ላይ ስለምትታየው ትንሽ ሣጥን እንናገራለን።

በ2016 ዓ.ም. በወላጆች ቀን አንድ አዛውንት አባታችን ከጎባ ወደ ሮቤ መጥተው በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ የተማሩትን ዜማ በክራር አሰምተውን ነበር። እኛም ከክራሩ የሚወጣውን ሽቦ ለሦስት ቀጥለን አንዱን ለአዳራሹ፣ አንዱን ለራሳቸው መስሚያ፣ አንዱን ለመቅረጫው ሰጠን። ዜማው ገና ሲጋመስ የመቅረጫው ሽቦ ጫፍ ተላቆ ሁለቱ መስመሮች ተነካኩ፤ ወዲያው አዳራሹ ጸጥ አለ። እርሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ደረደሩ። ከፊት የተቀመጡት ብቻ ሰሙ፤ በመቅረጫውም የቀረው ግማሹ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

አንዱን ውኃ ለሦስት ቦይ የከፈለ ገበሬ ያውቀዋል፤ አንዱ ቦይ ሲናድ ውኃው ሁሉ በዚያው ይፈስሳል። ሽቦም እንዲሁ ነው።

ክራርን ከኤሌክትሪክ ጋር ማስማማት የእኛ ብቻ ሐሳብ አይደለም፤ ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካ ሳሉ ክራርን ለማዘመን ደክመዋል። የእኛ ሥራ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በክራሩ ቆዳ ላይ የተለጠፈው ፒዬዞ ደካማ ስለሆነ ሣጥኑ በመግቢያው ቢያንስ 1 ሚሊዮን ኦም ሊኖረው ይገባል፤ ካነሰ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ቲ ኤል 072 የተባለችው ቁራጭ በውስጧ 2 ማጉያ አላት። ሁለት ቁራጮች 4 ማጉያ ይሰጡናል፤ አንዱ ለመግቢያ፣ ሦስቱ ለየመውጫው። በእያንዳንዱ መውጫ 100 ኦም ሬዚስተር ስላኖርን አንዱ ቢነካካ ሌሎቹ አይሰሙትም። መብራት ቢጠፋም ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ሣጥኑን ያሠሩታል፤ የአዳራሹ ማጉያ ግን መብራቱን መጠበቁ አይቀርም!

ብዙ የተከራከርንበት የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ የት ይሁን በሚለው ነበር። ከሦስቱ በፊት ብናደርገው፣ አዳራሹ በረታ ብሎ አንድ ሰው ሲቀንስ መቅረጫውም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ የመቅረጫውን መስመር ከቁልፉ በፊት ወሰድን፤ ለአዳራሹና ለደርዳሪው ግን ለየራሳቸው ቁልፍ ሰጠናቸው። ሁለቱ ማጉያዎች ከመብራት ስለሚቀጠሉ በሽቦው ቀለበት በኩል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ጉርምርምታ መጣብን። በአዳራሹ መስመር ላይ አንድ ለአንድ የሆነ ትራንስፎርመር ብናስገባ ጸጥ አለ።

እኚያ አባታችን ዛሬም ጥሪያችንን አክብረው በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። አባታችን፣ ይቅር ይበሉን፤ ክራሩ ተቃኝቷል፣ መቅረጫውም ተከፍቷል። ፈቃድዎ ቢሆን ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ይጀምሩልን።