ውሻችሁ መርዝ ቢውጥ፦ ወተቱን ከማንሳታችሁ በፊት



የዛሬው ርዕስ ውሻ ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። «ስለ በሬና ስለ ላም እንጂ ስለ ውሻ ምን ስልጠና ያስፈልጋል?» ትሉ ይሆናል። ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ቀን በቆሎውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅላችሁ ግን እሱ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ውሻ የሚውጠው መርዝ ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ እኛው ለአይጥ፣ ለነቀዝና ለመዥገር ብለን ከገበያ ገዝተን ግቢያችን ውስጥ ያስቀመጥነው ነው። ውሻ የሚደርስበት ቦታ ደግሞ ዳዴ የሚል ሕፃንም ይደርሳል።

ውሻው መርዝ በላ ሲባል የመጀመሪያው ሩጫ ወደ ወተት ነው። ወተት ከታጣ ዘይት፣ እንቁላል ወይም በውሃ የተበጠበጠ ጨው ይመጣል። አንዱ አፉን ፈልቅቆ ይይዛል፣ ሌላው ያንቆረቁራል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱን የሚያብሰው ይኸው ነው።

በየገበያው ከሚሸጡት የአይጥ መርዞች አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ጨጓራ ደግሞ ምግብ ሲገባበት አሲድ ያመነጫል። ስለዚህ ወተት ስታጠጡት ወይም እንጀራ ስታጎርሱት ጋዙ እንዲበዛ ታደርጋላችሁ። ዘይትና ቅቤም አይረዱም፤ እንደ ዲያዚኖን ያሉ በቅባት የሚሟሙ ኬሚካሎች ወደ ደም እንዲገቡ ያግዛሉ። ብዙ ጨው ራሱ መርዝ ነው፤ አንጎልን ይጎዳል። በዚያ ላይ የሚንቀጠቀጥ ወይም የደነዘዘ ውሻ በደንብ መዋጥ ስለማይችል ያንቆረቆራችሁለት ወደ ሳንባው ይገባል። ከመርዙ ቢተርፍ እንኳ በሳንባ ምች ሊሞት ይችላል።

«እናስመልሰው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። በቤት ውስጥ አታድርጉት። ማስመለስ የሚጠቅመው ቶሎ ሲደረግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ፤ ያውም በባለሙያ እጅና በትክክለኛው መድኃኒት። ነጭ ጋዝ፣ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ የጠጣ ውሻ ከሆነ ጭራሽ ማስመለስ የለበትም። በረኪናና አሲድ ሲወርዱ ያቃጠሉትን ጉሮሮ ሲመለሱ እንደገና ያቃጥሉታል፤ ነጭ ጋዙ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ውሻውን ከመርዙ አርቃችሁ እሰሩት። ልጆችንና ዶሮዎችን ከቦታው አርቁ። ከዚያ ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደቀረና መቼ እንደበላ ተመልከቱ። ጠርሙሱን፣ ፓኬቱን ወይም የተቋጠረበትን ላስቲክ በፌስታል አድርጋችሁ ያዙ፤ የተቀደደም ቢሆን አትጣሉት። ሰዓታችሁን ዕዩ። ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ደውላችሁ ውሻውን ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ውሰዱ። መድኃኒቱ እዚያ ከሌለ በስልክ ስለሚነገራችሁ በቀጥታ ወደ ወረዳው ክሊኒክ ትሄዳላችሁ።

ስለ ፓኬቱ ይህን ያህል የማሳስበው ሕክምናው እንደ መርዙ ዓይነት ስለሚለያይ ነው። ማላታይን ወይም ዲያዚኖን የበላ ውሻ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻው ይርገፈገፋል። ለዚህ አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ፤ በጊዜ ከደረሰ ያድናል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የአይጥ መርዝም አለ። ይህኛው ተንኮለኛ ነው፦ ውሻው ለተወሰኑ ቀናት ደህና መስሎ እየበላ እየጮኸ ይቆይና ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ድዱ ይነጣል፣ ከአፍንጫው ወይም ከሰገራው ጋር ደም ይወጣል። «ምንም አልሆነም» ተብሎ የሚተወው እንዲህ ያለው ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢወሰድ ግን ቫይታሚን ኬ ይረዳዋል። ለዚንክ ፎስፋይድ ማርከሻ የለውም፤ ባለሙያው አሲዱን የሚቀንስ መድኃኒት እየሰጠ ነው የሚታገለው። ለእህል ማከማቻ የምትጠቀሙበት የፎስቶክሲን ክኒንም የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን የበላ ውሻ ካስመለሰ ጋዙ ከትውከቱ ይወጣል፤ ለሰውም አደገኛ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሊሸት ይችላል፤ ባይሸትም አትመኑት። ውሻውን ቤት ውስጥ አታስገቡት፤ በዝግ መኪናም አትጫኑት። ደጅ ላይ፣ ነፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል ቁሙ።

መርዝ ያልሆነም ይዋጣል። እሸቱ ተበልቶ የሚጣለው የበቆሎ ቆረቆንዳ አንጀት ይዘጋል። ውሻው ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ምግብ እምቢ ካለና ሰገራ ካቆመ ቆረቆንዳው አንጀቱ ውስጥ ቀርቷል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የዋጠው ክር ወይም ገመድ በአፉ ወይም በፊንጢጣው ተንጠልጥሎ ብታዩ አትጎትቱት፤ አንጀቱን ይቆርጠዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። አፉ ተከፍቶ፣ መንጋጋው ወርዶ፣ ለሃጩ እየወረደ መዋጥ ያቃተው ውሻ ስታዩ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብላችሁ እጃችሁን ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘውም ልክ እንደዚህ ነው የሚመስለው። መርዝ የበላም ሲንዘፈዘፍ ይመሳሰላል። ሲበላ በዓይናችሁ ካላያችሁት አትንኩት፤ ባለሙያ ጥሩ። ከነከሳችሁ ወይም ለሃጩ ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ቦታውን ወዲያውኑ እጠቡ፤ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ፣ ዓይንና አፍን በንጹህ ውሃ ብቻ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

አሁን ወደ ጎተራው እንመለስ። የአይጥ መርዝን ከዱቄት ወይም ከሥጋ ጋር ለውሳችሁ ሜዳ ላይ አታስቀምጡ፤ አይጥ በሚገባበት፣ የውሻ አፍ ግን በማይደርስበት ጠባብ ቱቦ ወይም ቀዳዳ ባለው ጣሳ ውስጥ አድርጉ። ስንት ቦታ እንዳስቀመጣችሁ ቁጠሩ፤ ጠዋት የተረፈውንና የሞቱትን አይጦች ሰብስባችሁ ቅበሩ። ለመዥገር የበጠበጣችሁበትን ባልዲ ሳታጥቡ አትተዉት፤ ውሻ ይልሰዋል። ኬሚካሉ ፀጉሩ ላይ ፈስሶበት ከሆነም ሳይልሰው እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ በሳሙና እጠቡት። ለጅብ ተብሎ በሬሳ ላይ የሚረጨው መርዝ ደግሞ ከጅቡ ይልቅ የሰፈሩን ውሾችና ሰማይ ላይ ያለውን ጥንብ አንሳ ነው የሚጨርሰው። በመርዝ የሞተ ውሻም ወደ ገደል አይጣል፤ ከውሃ ምንጭ ርቆ፣ ጅብ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።