ከአስፋልቱ ማዶ ያለችው ሻሸመኔ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ሂሳቡ ከመነገሩ በፊት ስለ ከተማችን ጥቂት እንድንናገር አዞናል። ትእዛዙን ስንሰማ አንዳንዶቻችን ሳቅ ብለን ነበር። ሻሸመኔን የማያውቅ ማን አለ? ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መንገድ የሚከፋፈልባት ከተማ ናት። አንዱ መንገድ በሐዋሳ አድርጎ እስከ ሞያሌ ይወርዳል፤ ሌላው በአላባ በኩል ወላይታ ሶዶንና አርባ ምንጭን ያገናኛል፤ ሌላው ደግሞ በኮፈሌና በዶዶላ ባሌ ያደርሳል። ስሟም ቢሆን፣ ሲነገር እንደኖረው፣ መንገደኛ ታሳድር ከነበረች ሻሼ ከምትባል ሴት የመጣ ነው፤ «መነ» በኦሮምኛ ቤት ነውና፣ የሻሼ ቤት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማለፍ ሌላ ነው፣ ማወቅ ሌላ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖርንባት ሰዎች የምናውቀው አስፋልቱን ብቻ መሆኑ የገባን አምና ሐምሌ ነው።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከአባሎቻችን በአንዷ ግቢ የተከራየ አንድ ሰው ሌሊት አረፈ። ጭነት የሚሠራ፣ ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ የሚገባ ሰው ነበር። ጡሩንባ ተነፋ፣ ተሰበሰብን፣ ድንኳኑም ወጣ። ካስማው ሳይመታ አንድ ሽማግሌ «ለመሆኑ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ዝም አልን። ሙስሊም ከሆነ ሳይመሽ መቀበር አለበት፤ ኦርቶዶክስ ከሆነ ቄስ ይጠራል፤ ጴንጤም ከሆነ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ይነገራል። ስሙ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን የኦሮምኛ ስም ነው። አከራይቱም «ኪራይ አዛንፎብኝ አያውቅም» ከማለት በቀር የምትለው አልነበራትም። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ብረት ድስት ያስቀመጥን ሰዎች፣ አጥር ለአጥር የኖረውን ሰው ሃይማኖት ግን አናውቅም ነበር።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ጋሪ ነጂ ጡሩንባውን ሰምቶ መጣና «ወንድሙ ከወንዙ ማዶ አለ» አለን። ሁለት ሰዎች ላክን። በግንድ ድልድይ ተሻግረው፣ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብቶ፣ ወንድሙን አገኙት። ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነበር! ወንድምየው ሙስሊም መሆናቸውን ነገረን፤ ሙስሊም አባሎቻችንም ሥራውን ተረከቡን። አስከሬኑ ታጥቦ፣ በከፈን ተጠቅልሎ፣ ከመግሪብ በፊት ለጥቂት ደረሰ። ወንድምየው ሲሸኘን «እዚህ ሰፈር አራት ዓመት ሲኖር ሰው ያለው አይመስለኝም ነበር» አለ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን።

ከዚያ ሰሞን ነው የአንድ አባላችን ልጅ ከአሜሪካ የደወለው። ልጁ በሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ በምትባል ከተማ ይኖራል፤ ሚሲሲፒ የሚባለው ታላቅ ወንዝ በመካከሏ ያልፋል። አባቱ «ያን ሁሉ አገር እንዴት ለመድከው?» ቢለው፣ «ከወንዙ ወዲህና ከወንዙ ወዲያ እያልኩ ነው» አለው። አባትየው ይህንን ለኮሚቴው ሲያወራ ሁላችንም ያ ግንድ ድልድይ ትዝ አለን።

እናም እሑድ እሑድ ከአስፋልቱ እየወጣን በእግራችን መሄድ ጀመርን። መልካ ኦዳን ሁላችንም በሆስፒታሉ ስም እናውቃለን፤ ግን መልካ የወንዝ መሻገሪያ፣ ኦዳም ያ ሰው ከጥላው ሥር የሚሰበሰብበት ሾላ መሆኑን ስንቶቻችን አስበነዋል? ደደባ ወንዝስ? እሱ ወደ ሻላ ሐይቅ ይወርዳል። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ መውጫ ግን የለውም። እንግዲህ ወንዝ ዳር ቆሻሻ ስንደፋ «ውሃ ይወስደዋል» የምንለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ አስቡት፤ ባሕር የሚደርስ ውሃ የለንም።

ወደ ኩየራ በሚወስደው መንገድ ጃማይካ ሰፈር ገባን። ታሪኩን በወሬ እንጂ በደንብ አናውቀውም ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ለጥቁር ሕዝቦች ወገኖቻችን 5 ጋሻ ያህል መሬት ሰጡ፤ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከአሜሪካ እየመጡ ሰፈሩበት። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ አብዛኛው ከእጃቸው ወጣ። የነዋሪነት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው መንግሥት ያስታወቀው ገና በ2009 ዓ.ም. ነው። እዚህ ተወልደው ልጅ የወለዱ ሰዎች ያን ሁሉ ዘመን ያለ ወረቀት መኖራቸውን ስንሰማ፣ ያ ተከራያችን ፊታችን ላይ መጣ። እኛ ለእሱ መታወቂያ ልንሰጠው ባንችልም፣ መዝገባችን ላይ አንድ መስመር ልንጽፍለት እንችል ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከተማችን 100,454 ሰው ነበራት። ዛሬ በአላሉም በአቦስቶም በቡልቻናም ስንሄድ ያየነው አዲስ ቤትና አዲስ ሰው ነው። የሚበዛው ደግሞ ተከራይ ነው፣ ቤት ስለሌለውም እድር የለውም። ደንባችን ስለ ተከራይ አንድም ቃል አይናገርም። አምና ለቀብሩ ከወጣው ገንዘብ የተነሳ ያጉረመረሙ አባላት እንደነበሩ አይካድም፤ ሕግ ሕግ ነው ያሉትም ጥፋተኞች አይደሉም፣ መዋጮው የሁላችንም ላብ ነውና።

ስለዚህ ከሂሳቡ ሪፖርት በኋላ ሁለት ነገር ለውይይት ይቀርባል። አንደኛው፣ ተከራይ በራሱ ስም፣ በግማሽ መመዝገቢያ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የእድሩ አባል ሆነም አልሆነም፣ እያንዳንዱ አከራይ የተከራዩን ስም፣ የመጣበትን አገር፣ ሃይማኖቱንና የአንድ ዘመዱን ስልክ ለጸሐፊያችን እንዲያስመዘግብ ነው። ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቡና ጠርቶ መጠየቅ ብቻ ነው።

የሚመጣው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከዕቃ ቤቱ ደጅ ተነስተን ግንድ ድልድዩን እንሻገራለን። የሟቹ ወንድም ይጠብቀናል። ክረምቱ ወጣ ብላችሁ በነጠላ ጫማ እንዳትመጡ፤ ወንዙ ዳር ገና አልደረቀም።