አለንልሽ

የጎንደር ልጆች፣ አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ ተናገሪ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስለነበረው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን ላውራ። ስንት ጊዜ አሸነፋችሁ ብላችሁ ብቻ እንዳትጠይቁኝ።

ስድስት ተጫዋች ከአንድ ክፍል ስላልተገኘ ከሜዲሲን፣ ከነርሲንግና ከላብራቶሪ ተለቃቅመን ነው የሞላነው። ጫማ እንኳ አልበቃንም፤ ተቀይራ የምትወጣዋ ጫማዋን አውልቃ ለገቢዋ ትሰጣለች።

ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተን እንቆማለን። ኳሷ መሀል ትሆናለች፣ ሁላችንም እጃችንን እናሳርፍባታለን። ከዚያ እያንዳንዷ ስሟንና የዚያን ቀን ድካሟን ጮክ ብላ ትናገራለች። «ጉልበቴን አሞኛል።» «ዲዩቲ አድሬ ነው የመጣሁት።» «ፊዚዮሎጂ ወድቄያለሁ።» ሌሎቻችን በአንድ ድምፅ «አለንልሽ!» እንላለን። ለወግ ብቻ አልነበረም። ጉልበቷን ያመማት ልጅ ጋ ዝቅ ብሎ የሚመጣውን ኳስ ጎረቤቷ ትሸፍናለች፤ ፊዚዮሎጂ የወደቀችውን ደግሞ ማታ ዶርም ድረስ ሄደን እናስጠናታለን። አንዷ ተራዋ ሲደርስ ዝም ብላ እንባዋን ብቻ የጠረገችበት ቀን አለ። ምን እንደሆነች ሳንጠይቅ «አለንልሽ» አልን። መጨረሻ ላይ እልልታ ነው። ተጋጣሚዎቻችን «ሳትጫወቱ ምኑን አሸንፋችሁ ነው?» እያሉ ይስቁብናል።

አንድ ሕግም ነበረን፦ ሜዳ ላይ ዶክተር የለም። ዋርድ ሲገቡ «ዶክተር» መባል የለመዱትን ሲ ዋኖችን ይህ ከብዷቸው ነበር። ማዕረግ የጠራች ለሁሉም ሻይ ትጋብዛለች።

ነገሩን እኛ የፈጠርነው ይመስለን ነበር። ግቢያችን ግን በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አብሮ እንዲሠራ በቡድን ያሠለጥን ነበር። እኛ መረብ ብቻ ነው የጨመርንበት!

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና 19 ነጥቦች ያሉት የደኅንነት መቆጣጠሪያ ዝርዝር አወጣ። ቆዳ ከመቆረጡ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና ድርሻውን ይናገር ይላል። በስምንት ከተሞች፣ አንዱ ታንዛኒያ በሆኑ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የነበረው ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ሳነበው ክባችን ነው ትዝ ያለኝ።

እኔ ማዋለጃ ክፍል ነው የምሠራው። አንድ ሌሊት ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ሆዷ ሊሰፋ ሲል፣ ሥራ ከጀመረች ሳምንት ያልሞላት ነርስ «አንድ ጋዝ ጎድሎኛል» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። አንጋፋዎቹ ቸኩለዋል፤ እሷ ግን ደግማ ቆጠረችና «ጎድሏል» አለች። ቆመን ፈለግን፣ ከአንጀት ሥር ተገኘ። በኋላ እንዴት ደፈርሽ ስላት «መጀመሪያ ስሜን ጠይቃችሁኝ ነበራ» አለችኝ።

ስለዚህ አሁን በግቢው ለምታስተምሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። መረብና ኳስ፣ ጫማም ጭምር፣ እኛ የዚያ ቡድን ልጆች ልንገዛ ተስማምተናል። ከእናንተ የምንፈልገው በሳምንት ሁለት ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ሜዳውን ለሴቶቹ እንድትለቁላቸው ነው፣ ከሁሉም ክፍል ተቀላቅለው። ከምሳ በኋላ በሩ ላይ እንቆማለን። ቀኑን ሳትነግሩን አናሳልፋችሁም።