ሰደቃ ሳይሆን ሥራ ለሚጠይቁን

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በጁሙዓ ቀን ከመስጂድ ስንወጣ በሩ ላይ ለተቀመጡት አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን ሳንቲም ጣል አድርገን እናልፋለን። ኸይር ነው፤ አላህ ይቀበለን። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በዚያ በር ላይ ላለመቀመጥ ስለሚታገሉት ነው። እነርሱን ብዙ ጊዜ ልብ አንላቸውም፤ እጃቸውን ዘርግተው ሳይሆን የትምህርት ማስረጃቸውን ይዘው ነውና የሚመጡት።

ከደረሳዎቻችን አንዱ ዓይነ ስውር ነው። በመምህርነት ተመርቋል። በትሩን ይዞ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ይቆምና አላፊ አግዳሚውን «ወንድሜ፣ እስቲ አንብብልኝ» ይላል። አንዳንዱ ለልመና የቆመ መስሎት «አላህ ይስጥህ» ብሎት ያልፋል። እርሱ ግን ቀጣዩን ይጠብቃል። በክራንች የምትሄድ አንዲት እህታችን ደግሞ ለፈተና ስትጠራ ቦታው ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ አገኘችው። ደረጃውን እየተቀመጠች ወጣች። ፈተናውን አለፈች። በቃለ መጠይቁ ላይ «ሥራው አይከብድሽም?» ሲሏት «የከበደኝ ደረጃው ነው፤ ሥራውንማ መቼ ሰጣችሁኝ» አለቻቸው። አልቀጠሯትም። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ተመዘገበች።

ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ዓይነ ስውር እንደነበር፣ ሱረቱ ዐበሰም በእርሱ ምክንያት እንደወረደ በየመድረሳው ተምረናል። ስለ ሥራው ግን እምብዛም አናወራም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር ሙአዚን አደረጉት። የትኛውን አዛን? የፈጅርን! ቢላል ገና በሌሊት አዛን ሲያደርግ ሰው ሱሑሩን ይበላ ነበር፤ መብላት የሚቆመው ኢብኑ ኡሚ መክቱም ሲጣራ ነው። እስቲ አስቡት፤ የጎህን መቅደድ በዓይን መለየት የሚጠይቅ ሥራ ለማያይ ሰው ተሰጠ። እንዴት ይሠራው ነበር? ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደተገለጸው፣ ሰዎች መንጋቱን ይነግሩታል፤ ያን ጊዜ ተነሥቶ አዛን ያደርጋል። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱንም በአጠገቡ ያለ ሰው ሞላለት። ድምፁና አማናው የራሱ ነበሩ። የመዲና ሰው ጾሙን የሚይዘው በዚህ ሰው ድምፅ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመቻ ሲወጡም በስፍራቸው ሰው እንዲያሰግድ ወክለውታል።

ከታቢዒኖችም ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ አንድ ዓይናቸው የማያይ፣ እግራቸው የሚያነክስ፣ እጃቸው የሰለለ ነበሩ። የመካ ሙፍቲ ግን እርሳቸው ነበሩ።

የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2000 ዓ.ም የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች፣ ሥራውን የሚያግዝ ረዳትም እንዲመድብ ይጠይቃል። ይህ ረዳት እኮ ለኢብኑ ኡሚ መክቱም መንጋቱን የሚነግረው ሰው ማለት ነው! በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ ሰውም የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አለማዳላቱን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ይህን የማያውቅ አካል ጉዳተኛ ስንት ነው? ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ወላጆችን ካነሣን አይቀር፣ «ልጄ፣ እኛ እያለን ምን ጎደለህ፣ አትድከም» የሚል ፍቅር በየቤታችን አለ። ፍቅሩ እውነት ነው። ነገር ግን ስንቱን ወጣት እስከ ሠላሳ ዓመቱ የእናቱን እጅ እያየ እንዲኖር አድርጎታል። እናት ስታልፍስ?

ነጋዴ ወንድሞቻችን፣ ዘካችሁን በየዓመቱ አስባችሁ ታወጣላችሁ፤ አላህ በረካ ያድርግላችሁ። ሒሳብ ለመቀበል፣ የመጋዘን መዝገብ ለመያዝ ወይም ስልክ ለመጠገን ሁለት ጤነኛ እግር ያስፈልጋል ወይ? ለአንድ ወር ሞክሩትና በሥራው መዝኑት። በአዘኔታ ቅጠሩ አላልንም፤ ሰነፍ ከሆነ እንደማንኛውም ሠራተኛ ተቆጡት።

የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንስ? ቁርኣንን የሐፈዘ ዓይነ ስውር በየአካባቢው አለ፤ ልጆች እንዲያስቀራ በደመወዝ የቀጠረው መስጂድ ግን ስንት ነው? የመድረሳችንስ ደረጃ ለክራንች ይመቻል? በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ሁለቱም ጥያቄዎች በአጀንዳ ይያዙልን።