ባለቤቱ የጠፋበት መጽሐፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሥነ ጽሑፍ ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



ለዛሬው በዓል ከክበባችን አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፥ ስለ ዕውቀት ጥቅም እንድንናገር የመከሩን ነበሩ። ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ዛሬ ጧት ስለ ተናገሩ፥ እኛ ብዙ ጊዜ ስንከራከርበት የቆየንበትን ነገር ይዘን መጥተናል። ይኸውም እጅግ የምንወደው አንድ ታሪክ እንዴት እንዳሳዘነን ነው። ወላጆቻችን «ልጆቹ ስለ ፊልም ሲያወሩ ሊውሉ ነውን?» ብላችሁ እንዳትቀየሙን አስቀድመን ይቅርታ እንለምናለን።

ነገሩን ለማያውቁት ሰዎች ከመጀመሪያው እንነሣ። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ1977 ዓ.ም. ጆርጅ ሉካስ የሚባል አሜሪካዊ «ስታር ዋርስ» ማለት «የከዋክብት ጦርነት» የተባለውን ፊልም አወጣ። በ1980 በወጣው በሁለተኛው ፊልም ውስጥ ቦባ ፌት የሚባል ሰው ይታያል። ሥራው የሚፈለጉ ሰዎችን እያደነ ለሚከፍለው ማስረከብ ነው። የተቧጨረ አረንጓዴ የራስ ቍር ስለ ደፋ ፊቱ አይታይም፤ የሚናገረውም ቃል በጣት የሚቈጠር ነው። ይሁን እንጂ ያ አስፈሪው ዳርዝ ቬደር ከአዳኞቹ ሁሉ ለይቶ የሚያስጠነቅቀው እርሱን ነበርና፥ ተመልካቹ «ይህ ሰው ማነው?» ማለቱ አልቀረም። መልሱን ሳናገኝ በ1983 በወጣው በሦስተኛው ፊልም፥ ዓይኑ በደኅና የማያይለት ሃን ሶሎ ሳያውቅ ከጀርባው የተሸከመውን የመብረሪያ መሣሪያ በዱላ መታበትና፥ ሳርላክ ከተባለው በአሸዋ ውስጥ ከሚኖር አውሬ አፍ ወድቆ ቀረ። ለእንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ አሟሟት! ታላላቅ ወንድሞቻችን ይህን ሲያነሡ እስከ ዛሬ ይናደዳሉ።

ከ37 ዓመት በኋላ፥ በ2020፥ «ማንዳሎሪያን» በተባለው ተከታታይ ፊልም በሁለተኛው ክፍል ቦባ ፌት በሕይወት ተገኘ። ፊቱንም አየን፤ ቴሙኤራ ሞሪሰን የሚባል ከኒውዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ የተወለደ ተዋናይ ነው። ከዚያ በኋላ የሉካስን ድርጅት በ2012 የገዛው ዲስኒ፥ በኢንተርኔት አማካይነት በየቤቱ በሚታየው አገልግሎቱ ላይ «የቦባ ፌት መጽሐፍ» የተባለውን ሰባት ምዕራፍ ያለው ተከታታይ ፊልም ከዲሴምበር 29 ቀን 2021 እስከ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2022 አሳየ። ለእኛ የደረሰን ዘግይቶ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ነው፤ ቢሆንም አጠባበቃችን ከማንም አላነሰም።

ስለ ሁለተኛው ምዕራፍ ትንሽ ረዘም አድርገን ብንናገር ፍቀዱልን። ቦባ ፌት ከአውሬው ሆድ ወጥቶ በቀረበት በረሓ ተስከን የሚባሉ ሰዎች ማርከውታል። እነዚህ ሰዎች በ1977ቱ ፊልም ሲታዩ እየጮኹ መንገደኛ ከመምታት በቀር ሌላ ነገር የላቸውም ነበር። በ2002 በወጣው ፊልም ደግሞ አናኪን ሴቱንም ሕፃኑንም ሳይለይ ይፈጃቸዋል፤ የምናዝነው ግን ለገዳዩ እንጂ ለሟቾቹ አልነበረም። በዚህ ምዕራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ሆነው አየናቸው። በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ፤ ይህንንም የምልክት ቋንቋ አስቀድሞ ለ«ማንዳሎሪያን» ያዘጋጀው ትሮይ ኮትሰር የተባለ መስማት የተሳነው ተዋናይ ነው። በአገራቸው የሚያልፍ ባቡር እየተኰሰ ሲፈጃቸው፥ ምርኮኛው በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ሞተር ቢስክሌቶች ከወንበዴዎች ቀምቶ አመጣላቸው፤ መንዳትም አስተማራቸው፤ ባቡሩም ቆመ። እነርሱ ደግሞ በፋንታቸው በረሓውን አቋርጦ ከአንዲት ዛፍ ቅርንጫፍ እንዲያመጣ ላኩት፤ ከቅርንጫፉም የራሱን ዱላ ጠረበ፤ ልብሳቸውን አለበሱት፤ ሌሊቱንም በእሳት ዙሪያ አብረው ጨፈሩ። ሞሪሰን ከሕዝቡ የጭፈራና የዱላ ውጊያ ልማድ ለዚህ ሥራ እንዳዋለ ተናግሯል፤ እኛም ይህን ሳናውቅ ጭፈራው እውነተኛ እንደ ሆነ ታውቆን ነበር። ሰውን በዋጋ ሲሸጥ የኖረ ሰው ወገን ሲያገኝ አየን። ከእኛ መካከል ያለቀሱ አሉ፤ ስማቸውን እንዳንጠራ አስምለውናል።

እንግዲህ በሦስተኛው ምዕራፍ ምን ሆነ ብትሉ፥ ወገኑ ሁሉ አለቀ። ቦባ ከጕዞ ሲመለስ ሰፈሩ ተቃጥሎ አገኘ፤ ሬሳቸውን በእሳት አሰናበተና ሄደ። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ሐዘንተኛ በቤቱ ሳለ ለቀስተኛ ሳይቀመጥ ቀጥሎ የመጣው፥ ልዩ ልዩ ቀለም በተቀቡ ሞተር ቢስክሌቶች የተሳፈሩ ወጣቶች አንዱን ሹም ሲያሳድዱ ነው። ማሳደዱም እጅግ ዝግ ያለ ስለ ሆነ፥ አንዱ ጓደኛችን «በእግራቸው ቢሮጡ ይቀድሙት ነበር» አለ።

ይህንንስ በታገሥን ነበር። በአምስተኛው ምዕራፍ ግን ቦባ ፌት ጨርሶ የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምናየው የሌላውን ፊልም ጀግና፥ ማንዳሎሪያኑን ዲን ጃሪንን ነው። በስድስተኛውም ቦባ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ይጠፋል። ሙሽራው ከዳሱ ወጥቶ ለሚዜው ሲዘፈን እንደ ማየት ነበር። የሚያሳፍረውም ነገር፥ እነዚያ ሁለት ምዕራፎች ከሌሎቹ ከብዙዎቹ ይልቅ ጥሩ መሆናቸው ነው። እኛም ስናያቸው ደስ ብሎን ነበር፤ ያዘንነው ካለቀ በኋላ ነው።

ሐዘኑም በአንድ ታሪክ ብቻ አልቀረም። «ማንዳሎሪያን» በ2020 ሁለተኛውን ክፍል ሲጨርስ፥ ዲን ጃሪን ያሳደገውን ሕፃን ግሮጉን ለሉክ ስካይዎከር አደራ ሰጥቶ ተለያዩ። ሃይማኖቱ ፊቱን ለሰው እንዳያሳይ የሚከለክለው ሰው፥ ሕፃኑ እንዲያየው ብሎ የራስ ቍሩን አወለቀ። ያ ስንብት ዋጋ የነበረው ስንብት ስለ ነበር ነው። በቦባ ፌት መጽሐፍ በስድስተኛው ምዕራፍ ግን ሉክ ለሕፃኑ ምርጫ ሰጠው፤ በሰባተኛው ሕፃኑ ጥሩር ለብሶ ተመልሶ መጣ። እንዲህም ሆኖ በሰው ድግስ ላይ ስንብቱ ተሻረ። «ማንዳሎሪያን» በማርች 2023 ሲቀጥል የቦባን ፊልም ያላየ ሰው «ይህ ልጅ መቼ ተመለሰ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

በክበባችን ውስጥ «ጥፋቱ ዝምተኛውን ሰው ማናገራቸው ነው፤ ከጕድጓዱ ባይወጣ ይሻል ነበር» የሚሉ አሉ። እኛ አብዛኞቹ በዚህ አንስማማም፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ሲናገርም ክብሩ አልቀነሰምና። ለእኛ እንደሚመስለን አዘጋጆቹ የራሳቸውን ሰው አላመኑትም። በእሳት ዙሪያ የጨፈረው ሰው ብቻውን ሰባት ምዕራፍ ይይዛል ብለው ቢያምኑ ኖሮ፥ በመካከል ሌላ ጀግና ባልጠሩ ነበር። በዚያው ዓመት፥ በ2022፥ «አንዶር» የተባለው ተከታታይ ፊልም ወጣ። ካሲያን አንዶር እንደሚሞት በ2016 በወጣው «ሮግ ዋን» አስቀድመን አይተናል፤ ታዋቂነቱም ከቦባ ፌት ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን አሥራ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ታሪኩን ለእንግዳ ጀግና አሳልፈው ሳይሰጡ ተረኩለት፤ እኛም ሳንሰለች አየን። ስለዚህ ይህን ማድረግ የማይቻል ነው የሚለንን ሰው አናምንም።

በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት ሁለተኛውን ምዕራፍ በቤተ መጻሕፍቱ እናሳያለን። ወላጆችም ብትመጡ እጅግ ደስ ይለናል፤ ወንበሩ ጥቂት ስለ ሆነ ግን ቀደም ብላችሁ ኑ። በእሳቱ ዙሪያ ያለው ጭፈራ ሲያልቅ መብራቱን እናበራለን። የቀረውን ማየት የሚፈልግ ሰው ፍላሹን ከእኛ ወስዶ በቤቱ ሊያየው ይችላል።